ባለቤት የሌለው ደቦ

እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ሰው «እሺ» ስላለ ብቻ እንዲህ ይቀጣል? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። አዲስ አበባ እያለሁ ሎተሪ አዟሪ ሲያስቆመኝ ይቅርታ ጠይቄ ነበር የማልፈው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሳላልፍ እቀራለሁ። ኦስሎ ከገባሁ በኋላ ነገሩ ባሰብኝ። አገራችን ላይ ሰው ነገር ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ይላል፤ እስከዚያ ልቡ ትመለስለታለች። እዚህ ግን «ያ» የምትባል፣ «እሺ» ማለት የሆነች አጭር ቃል አለች። ጥያቄው ሳያልቅ ከአፍ ታመልጣለች፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። እኔ በዚህች ቃል የተነሣ ያልገባሁበት ኮሚቴ የለም።

ሥራዬ የኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው። ጠዋት ከሊንደበርግ ቲባነ በሚሉት የከተማ ባቡር ተነሥቼ፣ መሐል ከተማ አውቶቡስ ቀይሬ፣ በስተደቡብ ፊዮርዱ፣ ማለትም ወደ የብስ የገባው የባሕር ክንድ፣ ዳር ወደሚኖሩ አረጋውያን እሄዳለሁ። መድኃኒት አስውጣለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ ለእግር እብጠት የሚታዘዘውን ያንን ጠባብ ካልሲ አለብሳለሁ። ካልሲውን ያላለበሰ ሰው ስለ ትዕግሥት ባይሰብከኝ ደስ ይለኛል። ከምጎበኛቸው መካከል ኢንገቦርግ የሚባሉ ሴት አሉ፤ ሰማንያን ከተሻገሩ ቆይተዋል። እዚህ አገር ትንሹም ትልቁም በስሙ ብቻ ስለሚጠራ ፊት ለፊት «ኢንገቦርግ» እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን «እማማ» ሳልጨምርበት አልቀርም። እናቴ እንዲያ ባዶውን ስጠራቸው ብትሰማኝ ምላሴን ታስቆርጠኝ ነበር።

ከእማማ ኢንገቦርግ መስኮት ሥር ድንጋያማ ቁልቁለት አለ፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ። ትልልቆቹን መዋኛዎች የሚያጸዳላቸው አለ፤ ይቺን ግን ከትንሽነቷ የተነሣ ማንም አያስታውሳትም። እሳቸው መጀመሪያ ከባላቸው ጋር፣ በኋላም ብቻቸውን፣ በየፀደዩ እየወረዱ ማዕበል የተፋውን ላስቲክ ሲለቅሙላት ኖረዋል። ለቅመው ሲጨርሱ ደግሞ ገብተው ይዋኛሉ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ግን መውረዱ ቀረ። ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አስጠግተው ሲያዩዋት ይውላሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ካልሲውን እየታገልኩ ሳለ «በመከር ሲኬየም ልገባ ነው» አሉኝ። ሲኬየም የአረጋውያን መጦሪያው ነው።

«ጥሩ ነው፤ እዚያ ብቻዎን አይሆኑም» አልኩ።

«ቤቱን ልጄ ይሸጠዋል። ቤቱ አያሳስበኝም። ውኃዋን ማን ያያታል?»

እኔ እንግዲህ ካልሲው ተረከዝ ላይ ተይዞብኝ ነበር። ቀና ስል ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው። «እናንተ ብዙ ናችሁ አይደል?» አሉ። «ቤተ ክርስቲያናችን ለሰዉ አይበቃም ብለኸኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ዱግናድ ብትጠራልኝ?»

«ያ» አልኩ። እዚያው ባቆም ምን ነበረበት! «አርባ ሰው አመጣለሁ» ብዬ ጨመርኩበት። አርባ ያሉኝ ሰው አልነበረም።

ዱግናድ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የብሎኩ ነዋሪ በፀደይና በመከር ተጠርቶ ቅጠል ይጠርጋል፣ አጥር ይቀባል። ማንም አያስገድድም፤ ብቻ የቀረ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ በቅንድብ ብቻ ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ መጥረጊያዬን ይዤ እንደ ጉድ ስሠራ ዋልኩ። ምሳ ሲደርስ ሁሉም ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለች ዳቦ አወጣ። ማትፓኬ ይሏታል። እኔም «እንብላ» የሚለኝን ሰው ፍለጋ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ሳይ ዳቦው አለቀ። ያን ዕለት የተማርኩትን አልረሳሁም፤ በዱግናድ ሁሉም የየራሱን ይበላል። ችግሩ፣ እኔ የተማርኩትን ሰው ሁሉ ተምሮታል ብዬ ማሰቤ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ የማስታወቂያው ሰዓት ላይ ተነሣሁና «ወገኖች፣ በሚመጣው ቅዳሜ የባሕር ዳርቻ ልናጸዳ ነው» አልኩ። ግማሹ ሰው ኮቱን መፈለግ ያዘ።

አልፈርድባቸውም። የኛ ሰውና ባሕር ሆድና ጀርባ ናቸው። «ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» እየተባልን ነው ያደግነው፤ የሚስቅ ውኃ ካየን እንሸሻለን። ኦስሎ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው አለ፤ ፊዮርዱን የሚያውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ባሕር ዳር የምንሄደው ሠርግ ሲኖር ነው፤ እዚያም ስንደርስ ለባሕሩ ጀርባችንን ሰጥተን ፎቶ እንነሣለን። ውኃ ውስጥ የምንገባው በዕድሜያችን አንዴ ነው፤ ስንጠመቅ። እሱንም ፓስተሩ አንገታችንን ይዞ ነው።

ጋሽ መኮንን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሡ። «መልካም አሳብ ነው። በጸሎት እናስብበት» አሉ። በኛ ዘንድ «በጸሎት እናስብበት» የተባለ ነገር ተገንዞ አልቋል፤ የቀረው መቅበር ነው። የእማማ ኢንገቦርግ ፊት መጣብኝ። ያቺ አርባ ያልኳትም ቁጥር አብራ መጣች። ስማቸውን ጠርቼ ጉዳያቸውን እንዳልናገር የሥራ ምስጢር ነው፤ ፈርሜበታለሁ። ስለዚህ በቀረኝ አማርኛ ጮኽኩ፤ «ደቦ ነው እኮ! ልክ እንደ አገር ቤቱ ደቦ!»

ፊቱ ሁሉ በራ። ከኋላ «ደቦ! ወይ ጉድ፣ ደቦ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የወጥ ቤቱ አገልግሎት ኃላፊ እትዬ አልማዝ፣ ነቀምት አጠገብ ገጠር ያደጉት፣ እንባ አቀረሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» ብዬ ጨመርኩላቸው። ጋሽ መኮንንም ጸሎቱን ረስተው «በስንት ሰዓት ነው?» አሉ። «የማን ደቦ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር፤ «የሁላችንም!» ብዬ መለስኩ። አጨበጨቡልኝ። የሆነ ነገር እንዳበላሸሁ መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ለኔ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ስንመለስ ባለቤቴ ጽጌ ባቡሩ ውስጥ «አንተ፣ ደቦ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«እንዴታ! የአማርኛ መማሪያችን ላይ ሥዕሉ ነበር። ሰዎች ተሰልፈው ያጭዳሉ።»

«ማን ነበር የሚያበላቸው?»

«ሥዕሉ ላይ ምግብ አልነበረም።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች። ሚስት «አንተ ታውቃለህ» ስትል ባልየው ምንም አያውቅም ማለት እንደሆነ ያገባ ሁሉ ይረዳኛል። እኔ ግን ኖርዌይ ነው ያለነው፣ ሁሉም ማትፓኬውን ይዞ ይመጣል ብዬ ተኛሁ።

በሳምንቱ ውስጥ የስልክ ግሩፓችን አላረፈም። አንዷ «ምን ይዘን እንምጣ?» ብላ ጻፈች። እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ በደምህ ውስጥ የኛ ደም ካለ ምን ብዬ እንደመለስኩ ታውቃለህ። «ራሳችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ!» እጄ ናት የጻፈችው፤ እኔ የለሁበትም። አንድ ሰው ምን ላምጣ ሲልህ «ዳቦ አምጣ» የሚል አበሻ እስካሁን አልተፈጠረም። ከሥሯ የልብ ምልክቶች ተዥጎደጎዱ። አንዱማ «ቁርስ ሳልበላ ነው የምመጣው» ብሎ ጻፈ። የዋህ ነኝና ሥራ ስለናፈቀው መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ለረፋድ አራት ሰዓት የጠራሁት ሰው እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ደረሰ። መጀመሪያ ከአውቶቡስ የወረዱት ጋሽ መኮንን ናቸው፤ ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ የተወለወለ ጫማ። ቀጥሎ መዘምራኑ በቲሸርት። ቀጥሎ ሴቶቹ፤ ግማሾቹ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርገው። ሁሉም እያዛጋ፣ ሁሉም ሆዱን እያሻሸ። አርባ አይደሉም፤ ከአርባ በላይ ናቸው። በመጨረሻ እትዬ አልማዝ ብቅ አሉ፤ በእጃቸው የወጥ ቤቱን ትልቁን ጭልፋ ይዘዋል። «እንዳግዝህ ብዬ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ሰው ብቻህን አትችልም» አሉኝ። ጭልፋውን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ።

እማማ ኢንገቦርግ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ቤታቸው ፊት፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንድ ፔርሙስ ሻይ፣ ጥቂት ቀረፋ ያለባቸው ዳቦዎችና አራት ጥንድ ጓንት። «አርባ ብለኸኝ ነበር፤ አራት ይመጣሉ ብዬ ገመትኩ» አሉኝ በጆሮዬ። «ኖርዌጂያን አርባ ካለ አራት ነው።»

ጋሽ መኮንን ቁልቁለቱን ወደ ታች አዩ፤ ከዚያ ግራና ቀኙን አዩ። «የደቦው ባለቤት ወዴት ነው?» አሉ።

«ባለቤት የለውም፤ የሁላችንም ነው።»

«እንዴት ባለቤት የሌለው ደቦ ይኖራል? መሬቱ የማን ነው? ባሕሩ የማን ነው? የንጉሡ ነው?»

«የሕዝብ ነው፣ ጋሽ መኮንን። የኔም የእርስዎም ነው።»

«የኔ ከሆነ እኔ ነኝ እንግዲህ የማበላው!» አሉና ደነገጡ። ከኋላቸው ጉምጉምታው ተነሣ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አመጣን» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘሁለትን ጥያቄ ጠየቀ፤ «ነዳጅ ከባሕር የሚያወጡ ሰዎች ላስቲክ ማውጣት አቅቷቸው ነው እኛን የጠሩን?» ቁርስ ሳይበላ የመጣው ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ጥቂቶች ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መመለስ ጀመሩ። እኔ አፈርኩ። ከሰዎቼ ይልቅ እማማ ኢንገቦርግ ነገሩ ገብቷቸው በዝግታ ዳቦዎቹን ለሁለት ለሁለት መቁረስ ሲጀምሩ ነው ያፈርኩት። ለአርባ ሰው ሊያደርሱት ነበር።

እትዬ አልማዝ ጭልፋውን ብብታቸው ሥር አድርገው ይህንን ቁረሳ ያያሉ። «እኚህ ማን ናቸው?» አሉኝ።

ምስጢሬን እየጠበቅሁ «እዚህ የሚኖሩ ሴት ናቸው» አልኩ።

እትዬ አልማዝ ግን ምስጢር አልፈረሙም፤ በኖርዌጂያንኛ በቀጥታ ጠየቁ። «ባልዎስ?»

«ሞቷል» አሉ እማማ ኢንገቦርግ።

«ልጅ?»

«አንድ። ሰሜን ዳር ነው ያለው።»

«ይህን ቦታ ማን ነበር የሚያጸዳው?»

«እኔ። አሁን መውረድ አልችልም።»

እትዬ አልማዝ ዞር አሉ። ያ ድምፃቸው በበዓል ቀን ሦስት መቶ ሰው ተራ የሚያስይዝ ነው። «የሄዳችሁ ተመለሱ!» አሉ። «እናንተ ከተሜዎች፣ ደቦ ምን እንደሆነ ማን አስተማራችሁ? ባለ ጸጋ ደቦ ሲጠራ ያበላል፤ እውነት ነው። ባሏ የሞተባት አቅመ ደካማ ስትጠራ ግን ሰው ስንቁን ቋጥሮ ነው የሚሄደው! የሷን ሽሮ ሊበላ የሚሄድ ወንድ እኛ አገር ሱሪ አይታጠቅም። ባለቤት የለውም ትላላችሁ? ባለቤቷ ይቺውና ተቀምጣለች!»

ከዚያ አንዷ ቦርሳዋን ከፍታ ቆሎ አወጣች። ሌላዋ ለልጆቿ የያዘችውን ዳቦ አወጣች። ጋሽ መኮንን ከኮታቸው ኪስ፣ አልዋሻችሁም፣ በወረቀት የተጠቀለለች ማትፓኬ አወጡ፤ ሽማግሌ አርቆ ያስባል። ጽጌ ደግሞ ከጀርባዬ መጥታ ትልቅ የገበያ ፌስታል አስቀመጠች፤ አምባሻ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ። «ሥዕሉ ላይ አልነበረም ብዬ ነው» አለችኝ። እማማ ኢንገቦርግ ቡናማውን ጣፋጭ አይባቸውን በዳቦ አድርገው ለእትዬ አልማዝ ሰጡ። እትዬ አልማዝ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በግድ ዋጡና «ጌታ ይባርክዎት» አሉ። በኔ ግምት የዕለቱ ትልቁ መሥዋዕትነት እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! ሙሉ ልብስ የለበሰው፣ ተረከዝ ያደረገችው፣ ሁሉም ወረደ። ባለ ተረከዞቹ ጫማዎች በድንጋይ ላይ ተደርድረው ቀሩ፤ ሴቶቹ በባዶ እግራቸው ገቡበት። ዳርቻዋ ከላይ ስትታይ ምንም የሌለባት ነበር የምትመስለው። ጠጋ ሲሉ ግን የአሣ ማጥመጃ ገመድ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የጆሮ መጥረጊያ እንጨት፣ ግማሽ ወንበር፣ አንድ እግር ጫማ፣ ለዘመናት ተሰባብሮ ከአሸዋ ጋር የተቀላቀለ ላስቲክ። እትዬ አልማዝ በጭልፋው ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ቅንጥብጣቢውን እየጨለፉ ያወጣሉ፤ ለዚያ ሥራ የተፈጠረ ዕቃ ነው የሚመስለው። መዘምራኑ ማን ብዙ ከረጢት እንደሞላ መፎካከር ያዙ። ጋሽ መኮንን አንድ ገመድ ስቤ አወጣለሁ ብለው ሲስቡ፣ ሲስቡ፣ ገመዱ አላልቅ አላቸው፤ ከባሕሩ ማዶ ሌላ ሽማግሌ የሚስብ ይመስል ነበር።

እኔ ጓንት አልደረሰኝም። ውኃው ዳር አንድ ቀላ ያለ ላስቲክ ሲንሳፈፍ አየሁና በባዶ እጄ ዘግኜ አወጣሁት። ላስቲክ አልነበረም። ኖርዌጂያኖቹ ማኔት የሚሉት ዝልግልግ ፍጥረት ነው፤ እጅን እንደ ሳማ ይለበልባል። ጩኸቴን ሰምተው ሁሉም መጡ።

«ምን ሆንክ?» አሉ እትዬ አልማዝ።

«ላስቲኩ ነደፈኝ!»

«በስመ አብ! የዚህ አገር ላስቲክ ነፍስ ያለው ነው?»

እማማ ኢንገቦርግ ከላይ ሆነው ሲያዩን ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመካከሉ ግን ሳቁ ቆመ። ቁልቁል ውኃውን ብቻ ማየት ጀመሩ። ይህንን ከኔ በፊት ያዩት እትዬ አልማዝ ናቸው። «ለምን አይወርዱም?» ብለው ተጣሩ። እማማ ኢንገቦርግ ዳሌያቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ታዲያ እኛ ለምንድን ነን?» አሉ እትዬ አልማዝ። ወዲያው አራት ፈርጣማ መዘምራን ወንበሩን ከነሴትዮዋ ብድግ አደረጉት። እኔ «ኧረ ተዉ! ኮሙኑ ቢሰማ!» እያልኩ ከኋላ ከፊት እሮጣለሁ። ሰው ስለማንሣት ሥልጠና ወስጃለሁ፤ መዘምራን የሚል ምዕራፍ ግን አልነበረውም። እማማ ኢንገቦርግ አየር ላይ ሆነው እጃቸውን እያወዛወዙ «ያ! ያ! ያ!» ይላሉ። እንዲህ ሦስት ጊዜ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ውኃው ዳር ሲያስቀምጧቸው ጫማቸውን አውልቀው ጣቶቻቸውን ነከሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የኔም ሞላ፤ እኔ በማኔቱ አሳበብኩ። ከዚያ ቀና ብለው ከረጢቶቹን፣ ሰዎቹን፣ ዳርቻዋን አዩና «አመሰግናለሁ» አሉ። «ግን ገና ግማሹ ነው። ሰው የማይገባበትን ውኃ ማንም አይጠብቀውም። አሁን ማን ነው የሚገባው?»

ተረጎምኩላቸው። አርባ ምናምን ሰው በአንድ ጊዜ ሰማዩን አየ። አንዱ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ባዶ እግሩን ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ደቦውን የጠራኸው አንተ አይደለህ?» አሉ ጋሽ መኮንን።

ምን ልል ነው? «ያ» አልኩ። ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። ወሩ ግንቦት ነው፤ በዚህ አገር ግንቦት ማለት በረዶ ከቀለጠ ብዙ አልቆየም ማለት ነው። ቁርጭምጭሚቴ መጀመሪያ ታመመ፤ ቀጥሎ ጠፋ። ጉልበቴ ላይ ሲደርስ የሚስቴን ስም ጠራሁ። ሆዴ ላይ ሲደርስ የእናቴን። ከዚያ የረገጥኩት ድንጋይ አንሸራተተኝና ከነሸሚዜ ጥልቅ አልኩ። ብቅ ስል የሰማሁትን ለማመን አልቻልኩም፤ እልልታ! የኛ ሰዎች ሰው ከውኃ ውስጥ ብቅ ሲል የሚያውቁት በጥምቀት ብቻ ስለሆነ፣ መዘምራኑ ሳያስቡት ዝማሬውን ለቀቁት፤ እናቶች እልል አሉ፤ ጋሽ መኮንን ለቡራኬ እጃቸውን ዘርግተዋል። ማዶ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ኖርዌጂያኖች ተነሥተው አጨበጨቡ። እኔ ብርዱ አፌን ይዞት እንጂ «አውጡኝ» ልል ነበር የፈለግሁት።

በፎጣ ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ እማማ ኢንገቦርግ ከወንበራቸው ተነሡ። ሹራባቸውን አወለቁ። የቀሚሳቸውን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ፈቱ። ከቀሚሱ ሥር ሰማያዊ የዋና ልብስ ለብሰዋል። ከጠዋት ጀምሮ ለብሰውት ነው የዋሉት፤ ለማንም ሳይናገሩ፣ ዳቦ ሲቆርሱ፣ እኛ ስለ ምሳ ስንጨቃጨቅ።

«ወንዶች፣ ዞር በሉ!» አሉ ጋሽ መኮንን። ወንዶቹ በሙሉ ፊታችንን ወደ ድንጋዩ አዙረን ቆምን። እኔ ግን ሠራተኛ ነኝና አንድ ዓይኔን አላዞርኩም። እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ የእማማ ኢንገቦርግን ክንድ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከነቀሚሳቸው ገቡ። እኚያ ሴት ናቸው እንግዲህ፣ በቤታችን ስለ ባሕር ሲወራ «ያን መጥፎ ስሙን አትጥሩብኝ» የሚሉት። ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት። እማማ ኢንገቦርግ ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ እግራቸው ከመሬት ተነሣ፤ ያ በየጠዋቱ ከአልጋ የማነሣው የከበደ ሰውነት ቀለለና ተንሳፈፈ።

«አሁን ልቀቂኝ» አሉ። «መዋኘት እችላለሁ።»

«ናይ! አይሆንም!» አሉ እትዬ አልማዝ፣ ክንዳቸውን ጭራሽ ደረታቸው ላይ አጣብቀው።

«እችላለሁ እያልኩሽ!»

«እርስዎ ይችላሉ! እኔ ነኝ የማልችለው! ውኃው አንገቴ ደርሷል፤ ብለቅዎት እሄዳለሁ!»

ያኔ ወንዱ ሁሉ ዞረ። የሰማንያ ምናምን ዓመቷ ሴት ናቸው እትዬ አልማዝን ከሥር ደግፈው «ተረጋጊ፣ በጀርባሽ ተኚ፣ ሰማዩን እዪ» እያሉ የሚያንሳፍፉት። እትዬ አልማዝ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይጸልያሉ። ከዚያ አንዱን ዓይናቸውን ከፈቱ። ሁለተኛውንም ከፈቱ። ዝም አሉ። እኔ እትዬ አልማዝን ዝም ብለው አይቻቸው አላውቅም።

ማታውን ኃይለኛ ነፋስ ሲነፍስ አደረ፤ እሑድም እንዲሁ። ሰኞ ጠዋት እማማ ኢንገቦርግ ቤት ያንን ካልሲ እየታገልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሥራ ላይ ስልክ አይነሣም፤ ግን እትዬ አልማዝ ሲደውሉ አለማንሣት ደግሞ አይቻልም።

ሰላምታም አላስቀደሙ። «ነፋሱን ሰማኸው? ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉኝ። «ባሕራችን እንዴት አደረች?»

እማማ ኢንገቦርግ «ማን ነው?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው፤ ጥያቄውንም ተረጎምኩላቸው። አንድ እግራቸው ባዶውን፣ በምርኩዛቸው ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ቁልቁል ብዙ ጊዜ አዩ።

«ደህና አደረች በላት» አሉ።